የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእሽቅድምድም ሹፌር ገንዘቡን የሚያገኘው ከየት ነው?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ መኪና እሽቅድምድም ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ መለስናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? እኔና ጓደኞቼ ፎርሙላ ዋን እያየን የጀመርነው ክርክር እስካሁን አልበረደም። አንዱ ጓደኛችን ሌዊስ ሃሚልተን አንድ ውድድር ባሸነፈ ቁጥር 10 ሚሊዮን ዶላር ይቆጠርለታል ይላል። እውነት ነው? ጠቅላላ ሀብቱስ ስንት ይሆናል? (ብሩክ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ብሩክ፣ ጓደኛህ ተሸንፏል፤ ማኪያቶውን ያስመጣ። በፎርሙላ ዋን ውድድር ያሸነፈ ሹፌር ከአዘጋጁ ቤሳቤስቲን አይሰጠውም። የሚያገኘው ዋንጫና ሻምፓኝ ነው፣ ሻምፓኙንም እዚያው ይረጨዋል። ዋንጫውም ቢሆን ሁልጊዜ ቤቱ አይገባም። ማክላረን የተባለው ቡድን ለምሳሌ ለብዙ ዓመት ዋናውን ራሱ ጋ እያስቀረ ለሹፌሩ ቅጂውን ነበር የሚሰጠው። የሽልማት ገንዘብ የሚባለው የሚሄደው ለቡድኖቹ ነው፤ እሱም ዓመቱን በያዙት ደረጃ ተሰልቶ።

ታዲያ ሹፌሩ በምን ይኖራል? በውል። ከቡድኑ ጋር የተፈራረመው ደሞዝ አለ፣ ስታሸንፍ ወይም ነጥብ (በውድድሩ በያዝከው ደረጃ የሚሰጥ) ስታመጣ ይህን ያህል እንጨምርልሃለን የሚል ቦነስ አለ፣ ከዚያ የራሱ ስፖንሰሮች አሉ።

ቦነስ ቀልድ አይደለም። ኪሚ ራይኮነን በ2013 ለሎተስ ሲነዳ በየአንዳንዱ ነጥብ 50,000 ዩሮ የሚያስገኝ ውል እንደነበረው በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። ሰውዬው ቁጭ ብሎ 183 ነጥብ ሰበሰበ። አስላው፣ ከ9 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው! ቡድኑ ደግሞ እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረውም። በመጨረሻ ራይኮነን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዩሮ እንዳልተከፈለው በአደባባይ ተናገረ፣ ቀሪዎቹን ሁለት ውድድሮች ትቶ ጀርባውን ቀዶ ጥገና ሊያደርግ ሄደ፣ በቀጣዩ ዓመት በፌራሪ ልብስ ብቅ አለ። ስለዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረ ገንዘብ ሁሉ ኪስ ገብቷል ብለህ እንዳታስብ።

ወደ ሃሚልተን ስንመጣ፣ የብሪታኒያው ሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ በ2024 ባወጣው የሀብታሞች ዝርዝር ላይ ሀብቱን 350 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶታል። ገምቶታል ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። የውሉን ወረቀት ያየ ጋዜጠኛ የለም፤ ኢንተርኔት ላይ «የእገሌ ሀብት» ብለው እስከ ሳንቲሟ የሚነግሩህ ደግሞ አንዱ ከሌላው የገለበጡ ናቸው። በበኩሌ እነሱን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው የምላቸው።

ግን ገንዘቡ እንዴት እንደተከማቸ ማወቅ ይቻላል። ሃሚልተን በ2007 ማክላረን ገባ፣ በ2008 ሻምፒዮን ሆነ፣ ከ2013 እስከ 2024 መርሴዲስን ነዳ፣ በ2025 ወደ ፌራሪ ዞረ። 7 የዓለም ሻምፒዮና፣ እስከ 2024 መጨረሻ 105 ድል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ካለ ሹፌር ጋር በየጊዜው ውል ሲታደስ ደሞዙ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ከ2021 ጀምሮ ቡድኖቹ በዓመት የሚያወጡት ወጪ ጣሪያ ሲበጅለት የሹፌሮች ደሞዝ ከጣሪያው ውጪ ተደረገ። መኖሪያው ሞናኮ ነው፣ እዚያ ነዋሪ የገቢ ግብር አይከፍልም (ፈረንሳዊ ካልሆነ በቀር)። በ2022 ደግሞ የአሜሪካውን የፉትቦል ቡድን ዴንቨር ብሮንኮስን ከገዙት ባለሀብቶች ጋር ድርሻ ይዟል። የነካው ሁሉ ግን ወርቅ አልሆነም፤ ሥጋ የሌለበት በርገር የሚሸጠው ኒት በርገር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ በ2025 የለንደን ሱቆቹን ዘግቷል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ሹፌር ነኝ። እዚህ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። እነዚህ ሰዎችስ መንጃ ፈቃዳቸው ከእኛ ይለያል? (ያሬድ)

መልስ፦ ይለያል ወንድማችን፣ ዋጋውም ጭምር። ሱፐር ላይሰንስ ይባላል፣ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ፊያ ነው። በዝቅተኞቹ ውድድሮች በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ ያስፈልጋል፣ ዕድሜም 18 (አልፎ አልፎ በልዩ ፈቃድ 17)። ይህ የዕድሜ ገደብ ሥራ ላይ የዋለው ማክስ ቨርስታፐን በ2015 ገና በ17 ዓመቱ ፎርሙላ ዋን ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ ያን ጊዜ ከ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይነዳል፣ መንገድ ላይ ለመንዳት ግን ፈቃድ የለውም! ተራውን መንጃ ፈቃድ ያወጣው 18 ዓመት በሞላው ቀን ነው።

ክፍያው በየዓመቱ ነው፤ መነሻ ዋጋ አለው፣ ከዚያ ባለፈው ዓመት ባመጣኸው እያንዳንዱ ነጥብ ይጨምራል። ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ብዙ ትከፍላለህ ማለት ነው። ቨርስታፐን በ2023 ዓመት 575 ነጥብ ስላመጣ ለ2024ቱ ፈቃዱ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው የተጠየቀበት። አንተ አሁንም በዱባዩ ታማርራለህ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ካርቲንግ (ካርት በሚባሉት ትንንሽ መኪኖች የሚደረገው እሽቅድምድም) ከወሰድናት ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም፣ ፎርሙላ ዋን ካልነዳሁ ትላለች። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል፣ እኔ አረጋውያን እንከባከባለሁ። እውነቱን ንገሩኝ፣ በእኛ አቅም ይሆናል? (ሰላማዊት)

መልስ፦ እህታችን፣ እውነቱን ካሉ በሁለት ደሞዝ ብቻ አይሆንም። የመርሴዲስ ቡድን አለቃ ቶቶ ቮልፍ አንድን ልጅ ከካርቲንግ አንስቶ ፎርሙላ ዋን ደጃፍ ለማድረስ ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚፈጅ ከዓመታት በፊት አስልቶ ነበር። ሰዉ የሚያየው ሚሊዮን የሚከፈለውን ሹፌር ነው። ያ ሹፌር አንድ ሳንቲም ሳያገኝ በፊት ለአሥር ዓመት ያህል ሌላ ሰው ከፍሎለታል፣ የዚህ ስፖርት ትልቁ ጥያቄም ያ ከፋይ ማን ነው የሚለው ነው።

አንዳንዱ ላይ አባት ነው። የላንስ ስትሮል አባት ካናዳዊ ቢሊየነር ናቸው፣ በ2018 ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ሙሉ የፎርሙላ ዋን ቡድን ገዙ፣ ልጃቸውም እዚያው ይነዳል። አንዳንዱ ላይ ባንክ ነው። ኒኪ ላውዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበድሮ ነው በቡድን ውስጥ የሹፌርነት መቀመጫ የገዛው፤ በኋላ 3 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ እንጂ ባይሆን ኖሮ ዕዳው ነበር የሚቀረው። የኤስቴባን ኦኮን ወላጆች ደግሞ ቤታቸውን ሸጠው በካራቫን እየኖሩ ልጃቸውን ከውድድር ውድድር አዞሩት። ይህን የምነግርዎት እንዲያደርጉት አይደለም። በፍጹም ቤት አይሸጥም!

ለእርስዎ የሚቀርበው የሃሚልተን ቤት ነው። አያቶቹ ከግሬናዳ ደሴት ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ናቸው። አባቱ አንቶኒ አሮጌ ካርት ገዝቶለት ራሱ እየጠገነ ልጁን በ8 ዓመቱ ውድድር አስጀመረው፣ ለዚያ ብሎ ሥራ በሥራ ላይ ይደርብ ነበር፤ ዕቃ አጥቧል፣ የሚሸጡ ቤቶች ደጃፍ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተክሏል። ልጁ በ10 ዓመቱ አንድ የሽልማት ምሽት ላይ የማክላረኑን አለቃ ሮን ዴኒስን አግኝቶ አንድ ቀን የእርስዎን መኪና መንዳት እፈልጋለሁ አላቸው። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከ9 ዓመት በኋላ ደውልልኝ ብለው ጻፉለት። ግን 9 ዓመት አልቆየም፤ በ1998፣ ልጁ 13 ዓመቱ ሳለ፣ ማክላረን ወጪውን ተረከበ። ያ ባይሆን የአባትየው ጉልበት ብቻውን እስከ መጨረሻው ባላደረሰው ነበር።

ሴት ልጅ ስለሆነች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። በፎርሙላ ዋን ውድድር የተሳተፈች የመጨረሻዋ ሴት ጣሊያናዊቷ ሌላ ሎምባርዲ (Lella Lombardi) ናት፣ እሱም በ1976 ነው። ያሳፍራል። በ2023 ግን ኤፍ ዋን አካዳሚ የሚባል የሴቶች ብቻ ውድድር ተጀምሯል፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይገባሉ፣ በ2024 ደግሞ እያንዳንዱ የፎርሙላ ዋን ቡድን አንዲት ሹፌር መደገፍ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አዘጋጁ ለእያንዳንዷ መኪና 150,000 ዩሮ ሲደጉም ሹፌሯም ያንኑ ያህል ማምጣት ነበረባት። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ከሚሊዮኑ ጋር አይገናኝም።

ልጅዎ 16 እስኪሞላት ገና 7 ዓመት አለ። ለጊዜው የራሷ ካርት አይግዙላት። ካርት ሲገዛ ጎማው፣ ሞተሩ፣ መካኒኩ፣ የውድድር መመዝገቢያው፣ ሆቴሉ ተከትሎ ይመጣል፣ የኡበሩን ገቢ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይጨርሰዋል። በኪራይ ካርት ትንዳ፣ ሜዳው የሚያዘጋጃቸው የኪራይ ውድድሮች ካሉ ትመዝገብ። እዚያ የሁሉም መኪና ተመሳሳይ ስለሆነ ከሌሎቹ ትፈጥን እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል፤ ደጋግማ የምታሸንፍ ከሆነ የሜዳው አሰልጣኞች ራሳቸው ያነጋግሯችኋል። አንድ ዙር የምትጨርስበትን ሰዓት ግን መዝግባችሁ ያዙ፣ ስፖንሰር የሚጠይቀው እሱን ነው። ልብስና ጓንት ያገለገለ ብትገዙ ችግር የለውም። ሄልሜት ግን አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተጋጨ ከሆነ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም።