ሕመሙ አንድ ከሆነ መድኃኒቱ ስለ ምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ኬሞቴራፒ ጀምራለች። አሜሪካ የምትኖር የአክስታችን ልጅ በተመሳሳይ ሕመም ስትታከም ሄርሴፕቲን የተባለ መድኃኒት እጅግ እንደረዳት ስለነገረችን፣ ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሊያስመጣላት ተነሥቷል። ሐኪሟ ግን «በመጀመሪያ የናሙናው ውጤት ይታይ» ብለውናል። መድኃኒቱ ጥሩ መሆኑ ከታወቀ ውጤት መጠበቅ ስለ ምን ያስፈልጋል? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ለእህትዎ ምሕረትን እንመኛለን። ሐኪሟ ያሏችሁ ትክክል ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የጡት ካንሰር ዕጢዎች የሚያድጉበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ ሄርሴፕቲን ወይም ትራስቱዙማብ የሚሠራውም «ኸር-ቱ» የተባለ ፕሮቲን ከመጠን በላይ በበዛበት ዕጢ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ ሆኖ የመባዛት መልእክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ዘንድ በዝቶ ይገኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ስላመን እና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የፕሮቲኑ ጂን የተባዛባቸው ሴቶች ሕመም ቶሎ የሚያገረሽ ነበር። መድኃኒቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው ምርመራም አብሮት ተፈቅዷል። ፕሮቲኑ ባልበዛበት ዕጢ ላይ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ለታማሚዋ የሚተርፋት ወጪው እና የልብን ጡንቻ ሊያደክም የሚችለው ጉዳቱ ብቻ ይሆናል።

ምርመራው የሚሠራው ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ ነው። የፓቶሎጂ (ሕመምን ከሥጋ ናሙና የሚለየው ክፍል) ባለሙያው ናሙናውን ቀለም አስይዞ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 0 እና 1 ፕሮቲኑ እንዳልበዛ፣ 3 እንደበዛ ያመለክታሉ፤ 2 ከሆነ ግን ጂኑን ራሱን የሚቆጥር ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። በዚሁ ናሙና ላይ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴቶች ሆርሞን መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን፣ ማለትም የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ መኖሩም ይታያል። ይህንን በተለይ እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች ይህ ተቀባይ ያላቸው ሲሆኑ፣ መድኃኒታቸው ከሄርሴፕቲን እጅግ የሚረክስ፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚዋጥ ታሞክሲፌንን የመሰለ እንክብል ነው።

ውጤቱ የሚታመነው ናሙናው በሚገባ ከተያዘ ብቻ ነው። በእኛ አገር ናሙናውን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ፓቶሎጂ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይገባል፦ ናሙናው ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፤ በውኃ ውስጥ የቆየ ወይም የደረቀ ናሙና ፕሮቲኑ እያለ «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። የእህትዎ ናሙና በሰም ተይዞ ተቀምጦ ከሆነ ዳግመኛ መቆረጥ ሳያስፈልጋት ምርመራው ከዚያው ሊሠራ ስለሚችል፣ የሰም ብሎኩ የት እንዳለ ጠይቀው እንዳይጠፋ ያድርጉ።

ምርመራ እና መድኃኒት ሲጣመሩ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ታይቷል። ሲኤምኤል የተባለው የደም ካንሰር የሚነሣው 9ኛው እና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ በሚፈጠር ጂን ነው፤ ይህ ለውጥ የተገኘባቸው ሕሙማን ኢማቲኒብ የተባለውን እንክብል በእርዳታ ፕሮግራም በነጻ እያገኙ ለዓመታት ኖረዋል።

የእህትዎ ውጤት ኸር-ቱ እንደበዛ ካሳየ፣ ሕክምናው ዘወትር በየ3 ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ያህል የሚሰጥ ስለሆነ መዋጮው ለመጀመሪያው ብልቃጥ ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ሁሉ ይታሰብ። ከመጀመሯ በፊት እና በየ3 ወሩ ገደማ ልቧ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይመጣ አደራ እንላለን። ከመጀመሪያው መድኃኒት የሚረክሱ አቻዎችም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን አቻ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መርምሮ አጽድቋል። የትኛው በሕጋዊ መንገድ እንደሚገኝ ሐኪሟን እና የሆስፒታሉን ፋርማሲ ይጠይቁ።