መልስ፦ አሮጌ ታብሌትን የቤት መቆጣጠሪያ ማድረግ

ሰላም ወንድሜ። አዳማ ያለውን ቤትህን መብራትና የሮቶ ፓምፕ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ታብሌት ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል። ውድ ፓኔል መግዛት አያስፈልግህም።

ታብሌቱ ማሳያ ብቻ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሆም አሲስታንት የተባለ የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። መብራቱንና ፓምፑን የሚያበሩና የሚያጠፉ ዕቃዎችን ስትመርጥ ያለ ኢንተርኔት በቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚታዘዙትን ያዝ፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ጨለማ ውስጥ አትቀርም። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ፉሊ ኪዮስክ ብራውዘር የተባለውን አፕ ጫንና በ8123 የሚያልቀውን የሆም አሲስታንት አድራሻ አስገባ። ገጹ ሙሉ ስክሪን ይዞ ይከፈታል።

ፓምፑ ላይ ግን አደራ! ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። በትንሿ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ካዘዝከው ውስጧ ያለው መገናኛ ሊጣበቅ ይችላል። ያኔ ስክሪኑ "ጠፍቷል" ይልሃል፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለከባድ ከረንት የተሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ታዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያብራ። ይህን ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ይሥራልህ።

የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ያለ ባትሪ በሙቀት ሊያብጥ ይችላል። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ምረጥ። ቻርጀሩን በስማርት ሶኬት (በዋይፋይ በሚታዘዝ ሶኬት) አድርገህ ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ እንዲበራ፣ 80 ሲደርስ እንዲጠፋ እዘዘው።

መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ በባትሪው ቢቆይም ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። ለራውተሩና ለራስፕቤሪ ፓዩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ግዛ። የራውተርህን ሞዴል ብትጽፍልኝ የሚስማማውን እነግርሃለሁ።