ለቃል ኪዳን ሥነ ሥርዓት ላይቭ ሙዚቃ፦ ከዘፈን ምርጫው በፊት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው ደጅ፣ አትክልት ቦታ ውስጥ ነው። እንግዳው 100 ሰው ገደማ ነው። ላይቭ ሙዚቃ አስባችኋል፤ ግን ሙሉ ባንድ ይሁን ወይስ አንድ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ዘፈኖቹንስ እንዴት እንምረጥ ነው ያልሽው። ሰርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ዓመታት አልፈዋል። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዘፈን አትጀምሪ። ብዙ ሙሽሮች የሚወዷቸውን ዘፈኖች ዘርዝረው ይመጡና የት እንደሚያስገቧቸው ይጨነቃሉ። መጀመሪያ የሥነ ሥርዓቱን አካሄድ ጻፊ። እንግዳ መግባት የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው? ሚዜዎች በየት በኩል ይመጣሉ? አንቺ ከየት ተነስተሽ የት ትቆሚያለሽ? ማን ይናገራል? ፊርማ አለ? ስትወጡስ በየት ነው? ሙዚቃ የሚያስፈልገው ሰው ሲንቀሳቀስና ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው። የቀረው የንግግር ጊዜ ነው፤ ለንግግሩ ተዉለት። ቃል ስትገባቡ ከሥር ሙዚቃ ይሁን የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ሰው የመጣው ያቺን ቃል ሊሰማ ነው።

ዋናው መግቢያሽ ነው። አንድ ዘፈን ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል። 20 ሜትር መንገድ ግን በጣም በዝግታ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብትራመጂ እንኳ የሚወስድብሽ 40 ሰከንድ ነው። የምትወጂው አዝማች ሳይመጣ አንቺ ደርሰሻል ማለት ነው። ስለዚህ ሙዚቀኛው ከአዝማቹ ይጀምር፤ የሚዘጋባቸውን ቦታዎችም አስቀድሞ ያዘጋጅ። ጎበዝ ተጫዋች በየስምንት ባሩ (ባር ማለት ዜማው በምት ተቆጥሮ የሚከፈልበት ትንሽ ክፍል ነው) የሚያርፍበት አያጣም። ቀሚስሽ ቢያዝ ወይም አባትሽን አቅፈሽ ብትቆዪ አንድ ዙር ይደግማል። ቶሎ ብትደርሺ ሳይታወቅበት ይዘጋል። ላይቭ ሙዚቃ ከተቀዳ ዘፈን የሚበልጠው ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይጠብቃል።

ግን እንዲጠብቅሽ ሊያይሽ ይገባል። ሙዚቀኞቹን ለፎቶ እንዲያምር ብለው አበባ ጀርባ ወይም ጥግ የሚያስቀምጡ አሉ። እንደዚያ ከሆነ አንቺንም ሙዚቀኞቹንም ማየት የሚችል አንድ ሰው መድቡ፤ እጁን ሲያነሳ ይጀመራል። ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ይሁን። እናትሽም ፎቶ አንሺውም አይሆኑም።

ስለ ብዛቱ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ለቃል ኪዳኑ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ባንዱን ለግብዣው አቆዩት። ድራም ቀስ ተብሎ ቢመታም ለዚያ ሰዓት ይከብዳል። አንዱ ዜማውን ይያዝ፣ ሌላው ያጅበው። ቫዮሊንና ጊታር፣ ቼሎና ኪቦርድ ቆንጆ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ክር ቢበጠስበት የሚሸፍንለት የለም። ከአራት መካከለኛ ተጫዋች ሁለት ጎበዝ ያዙ።

ደጅ መሆኑ ብዙ ነገር ይቀይራል። ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ፊት ያለው ሰው ጥሩ ሲሰማ ኋላ ያለው ምንም ላይሰማ ይችላል። መፍትሔው ፊት ለፊት ያለውን ስፒከር ማስጮህ አይደለም። ትንንሽ ስፒከሮች መሐል አካባቢ ግራና ቀኝ ይቁሙ። አቅጣጫቸው ወደ እንግዳው ይሁን፤ ወደ ማይኩ ከዞሩ ያፏጫል። የሚያጋባችሁ ሰው ማይክ ደግሞ ከሙዚቃው ማይክ ይቀድማል።

ጥላ የግድ ነው። ፀሐይ የእንጨት መሣሪያን ይጎዳል፤ ቅኝቱንም ያበላሻል። ክር ሲሞቅ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ዋሽንትና ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ሲሞቅ ግን ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ቫዮሊንና ዋሽንት አብረው ፀሐይ ላይ ከቆሙ ምን እንደሚሆን አስቢው። የኖታ ወረቀት ማያዣ፣ ክንድ ማስደገፊያ የሌለው ወንበር፣ በቂ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ዝናብ ከመጣ የሚዛወሩበት ቦታ፤ እነዚህን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ።

ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ ከሆነ ዘፈን ከመምረጣችሁ በፊት የሚያጋባችሁን ሰው ጠይቁ። ከመድረክ የመጣ ሙዚቃ የማይፈቅዱ አሉ። ሙሽራ የምትገባበት ታዋቂው የጀርመናዊው አቀናባሪ የዋግነር ዜማ እ.ኤ.አ. በ1850 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ከታየ ኦፔራ የተወሰደ ነው፤ እዚያም የሚዘመረው ጋብቻው ካለቀ በኋላ ነው። የሜንደልሶን የሰርግ ማርሽም በ1842 ለቲያትር የተጻፈ ነው። እሱን ከወደዳችሁት ለመውጫ ያዙት፤ ደስታው ለመግቢያ ይበዛል።

ግጥም ያለው ዘፈን ከሆነ ግጥሙን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዜማው ልብ ይነካል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ስለ መለያየት ነው የሚያወራው። እንዲህ ያለ በጣም አጋጥሞኛል። ለሙዚቀኛው የዘፈኑን ስም ብቻ አትንገሩት፤ የወደዳችሁትን ቅጂ ራሱን ላኩለት። ከዚህ በፊት ያልተጫወተው ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ስጡት። ዘፋኝ ካለ የዘፈኑ ኪ (ዜማው የሚቆምበት የድምፅ ከፍታ) ለዘፋኙ ድምፅ መስተካከል አለበት።

ጓደኛሽ ልዝፈን ካለች ደስ ይላል፤ ግን በመግቢያሽ ሰዓት አይሁን። አንቺን ስታይ ታለቅሳለች፣ ድምፅም ይዘጋል። በፊርማ ሰዓት ወይም አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ትዝፈን። ያኔ ብታቋርጥም አጃቢዋ ዜማውን ይዞ ይቀጥላል።

ውል ይጻፍ። ቀን፣ የመድረሻ ሰዓት፣ የሚመጡት ተጫዋቾች ስም፣ አንዱ ቢታመም ማን እንደሚተካ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ይግባበት። ሥነ ሥርዓቱ ቢዘገይ ለተጨማሪው ሰዓት ምን እንደሚከፈልም አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ሰርግ ይዘገያል።

በልምምዱ ቀን እውነተኛውን መንገድ፣ በምታደርጊው ጫማ ተራመጂ። አንድ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽና ለሙዚቀኛው ላኩለት። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብሽና የትኛውን ዘፈን እንዳሰብሽ እዚህ ጻፊልኝ፤ ከየት ቢጀመርና የት ቢዘጋ እንደሚያምር እነግርሻለሁ።