«ንጹሕ ደን» ብለሽ እንዳትጽፊ

እህቴ፣ «ለጎብኚ በሚበተን ወረቀት ላይ ፕሪስቲን ፎረስት የሚለውን እንግሊዝኛ ንጹሕ ደን ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?» ላልሽው፦ ተይው። እኔ በዚችው ቃል ተቃጥያለሁ።

1. ንጹሕ ከቆሻሻ የጸዳ ነው። ቤት፣ ልብስ፣ ልብ ንጹሕ ይባላል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከላቲን ሲመጣ «የጥንቱ፣ የቀድሞው» ማለት ነበር። ንጽሕናው በኋላ የተደረበበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሰው ነክቶታል ወይ?» ነው።

2. ለመሬትና ለደን «ድንግል» አለልን። ድንግል መሬት ማረሻ ያልገባበት ነው። ጠፍ መሬት ሌላ ነው፤ እሱ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተርጓሚ ስንት አይቻለሁ!

3. እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ጋ ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ፣ እዚያው ስላለው የሐረና ደን የተጻፈ ወረቀት እንድተረጉም ሰጡኝ። «ንጹሕ ደን» አልኩ። ኃላፊው ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ፣ ሰው ፊት «ማን ጠረገው?» ብሎ ሳቀብኝ። በንዴት ሁሉንም «ድንግል ደን» አድርጌ መለስኩለት። ታተመ።

ከዚያ አንድ የአካባቢው ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ አያቴ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ እኛ ቡና የምንለቅምበት ጫካ ከመቼ ወዲህ ነው ድንግል የሆነው?» ምን ልበለው? እውነቱን ነው። የዋሸው እንግሊዝኛው ነበር፣ የድጋሚ ኅትመቱ ወጪ የተቆረጠው ግን ከእኔ ክፍያ ላይ ነው። በሁለተኛው እትም «የጥንት መልኩን ያልለቀቀ ደን» አልኩት። ያው ኃላፊ ለእንግዶች እያነበበ ሲኮራበት በጆሮዬ ሰማሁ። ስሜን አላነሳም፣ ይሁን።

የመኪና ደላሎች ከእኛ ይሻላሉ። «ሞተሩ ያልተነካ» ይላሉ፣ አለቀ። ማር ከሆነ ያልተበረዘ፣ ምንጭ ከሆነ ኩልል ያለ በይ። «ንጥር» የሚሉሽን ግን አትስሚ። ቅቤ የሚነጠረው እሳት ላይ ወጥቶ ነው፤ ያልተነካ የሚባል ነገር የለውም።

ደንሽ የት እንደሆነ አልነገርሽንም። ከፋም ሆነ ባሌ፣ ዛፉ ላይ ቀፎ ከተሰቀለ «ድንግል»ን ከወረቀቱ አውጪው።