ውኃው ንጹሕ ነበር

ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ፒያሳ ባለው የአጎቷ ካፌ የጨው ውኃ አኳሪየም የምትንከባከበው እሷ ናት። ፎቶው ላይ ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት ግራሲላሪያ፣ ተክል መሰል የባሕር አልጌ ነው፣ ሲታጠብ ሲታጠብ የለቀቀ ጨርቅ መስሏል፤ ጫፍ ጫፉ ነጥቷል። «ጋሼ፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ እየቀየርኩ ነው። ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ላጽዳ?» አለችኝ።

«ነገ ነይ» ብዬ ሸኘኋት። ያንን ዜሮ አውቀዋለሁ።

2001 ዓ.ም. ነው። ሥራዬ የውኃ ላቦራቶሪ ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስለካ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ማታ ማታ ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ሆቴል አኳሪየም እቆጣጠር ነበር። 600 ሊትር ይይዛል፤ ሰባት ዓሣ ነበረው፣ ሁሉም በጅቡቲ በኩል የመጡ። ከድንጋዮቹ ጋር ኮሌርፓ የምትባል አረንጓዴ አልጌ አብራ መጥታ ነበር። እንደ ስኳር ድንች ሐረግ እየተሳበች ቅጠል የመሰለ ነገር ታወጣለች። ያ ሁሉ ሐረግ አንድ ሴል ብቻ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ነው።

መስታወቱን የሚወለውል፣ ዓሦቹን የሚያበላ አንድ ልጅ ነበር፣ ከአለታ ወንዶ የመጣ። በቀን አንዴ ቁንጥር መኖ ብቻ ስጥ ብዬው ነበር። እሱ ግን ከአሞራ ገደል የቆሮሶ ቁራጭ እያመጣ፣ በቢላ እያደቀቀ፣ በቀን ሦስቴም አራቴም ይጨምርላቸዋል። ኮሌርፓዋ በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ በእፍኝ እየተነቀለች እንኳ አትጎድልም ነበር። እኔ ግን ያንን ልማት ቆሻሻ ነው የምለው።

አንድ ቀን ናይትሬት ለካሁ፤ እንደ ፎስፌት ሁሉ ከመኖና ከዓሣ እዳሪ ውኃው ውስጥ የሚቀር ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ቀይ የሄደ ብርቱካን ሆነ፣ 20 ሚሊግራም በሊትር። ቱቦውን ልጁ አፍንጫ ሥር ደቀንኩት፤ እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ሥራ አስኪያጁም ቆሟል። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ እንግዶች ናቸው እኮ። ከሩቅ ነው የመጡት» አለኝ፣ ዓሦቹን ማለቱ ነው። ወሩ ሲያልቅ ተሰናበተ። አባሩት አላልኩም። ተዉትም አላልኩም።

ከዚያ በየሳምንቱ ግማሹን ውኃ ቀየርኩ። ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ፍርፋሪ ፊልተሩ ውስጥ ጨመርኩ። በሦስት ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ገቡ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። ኮሌርፓዋ መገርጣት ጀመረች። ብርሃን አንሷት ይሆናል ብዬ ተጨማሪ መብራት አስገጠምኩ። ያልበላ በሬ ጠምዶ ጅራፍ ማብዛት ማለት ይኼ ነው፤ መብራቱ በበረታ ቁጥር ናይትሬትና ፎስፌት የበለጠ ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ አንዱንም አላስቀረሁላት።

አንድ ማለዳ ዘበኛው ደወለልኝ። ስደርስ ውኃው አጓት መስሏል። ኮሌርፓዋ እንደ ባዶ ፌስታል መስታወት ሆና ተንጠልጥላለች፤ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ኮሌርፓ በአንድ ሌሊት የሰውነቷን ይዘት ሁሉ ወደ መራቢያ ሴል ለውጣ፣ በአንዴ ለቅቃ፣ ቅርፊቷን ትታ ልትሞት ትችላለች። ጠግባ ያደረችውም አንዳንዴ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ይህን ለራሴ ስነግረው ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በፊት የተራበችው ግን በእኔ እጅ ነው። ከሰባቱ ዓሣ ሁለት ተረፉ። በወሩ ገንዳው ተነሥቶ ቦታው ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦት ተዘረጋ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ከታቦር ወደ ሐይቁ ስወርድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ዞሮ አየኝ፣ ያ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ዓሦቼ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው» አልኩት። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

ልጅቷ በማግሥቱ ስትመጣ የነገርኳት ይኼን ነው። ግራሲላሪያ ከአፈር ምግብ የሚያመጣ ሥር የላትም፤ የምትበላው በመላ አካሏ ከውኃው ነው። አትኪንሰንና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ የባሕር ወለል ዕፅዋት ለአንድ የፎስፎረስ አቶም 30 ያህል የናይትሮጅን አቶም እንደሚይዙ አሳይተዋል። ዓሦቹን አብሊ፣ ውኃ መቀየሩን ቀንሺ፤ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት 0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይቆይ። ካልበቃ ንጹሕ ፖታሲየም ናይትሬት በጥቂቱ፣ እየለኩ። ዩሪያና ዳፕ ግን ወደዚያ። የባሕር ውኃ ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው ማለት ነው፣ 8.2 አካባቢ ስለሆነ ከእነሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓሣውን ይፈጃል።

ጨውንም ጠየቅኳት። የጎደለውን በጨው ውኃ ነበር የምትሞላው! ውኃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። የሐዋሳ ሐይቅ በላይ የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ከሥር እየሰረገ ጨዋማ ከመሆን ተርፏል፤ የመስታወት ገንዳ ግን ሻላ ነው የሚሆነው። የተነነው በተጣራ ውኃ ይተካል። የወጥ ጨው ደግሞ የባሕር ጨው አይደለም፤ ማግኒዢየሙና ካልሲየሙ የለም። በ1976 ዓ.ም. ተማሪ ሆኜ ምጽዋ ስዋኝ አፌ የገባውን አስታውሳለሁ፣ ምሬት ነበረው። ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ለገንዳ 35 ይበቃል።

እናንተ አንድ ነገር ሲበላሽ አምስት ቪዲዮ አይታችሁ አምስቱንም በአንድ ቀን ትሞክራላችሁ፤ የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛው እንደገደለ አይታወቅም። ትዕግሥት የላችሁም። ደግሞ ምን አፍ አለኝ፤ ይቺ ልጅ ጠይቃለች፣ እኔ በጊዜው ማንን ጠየቅኩ?

የነጣውን ቁረጪው፣ አይመለስም አልኳት። ቀይ የቀረውን ብቻ ውኃ በደንብ በሚመላለስበት ቦታ እሰሪው፣ መብራቱንም ቀንሺ። ዛሬ ጠዋት ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ባየው ከአንዱ ቁራጭ ጎን የክብሪት ጫፍ የምታክል ቀይ ነገር ወጥታለች። ወይም የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። ሐሙስ ለክታ ትደውልልኛለች።