አልጠፋም ያለው የጣና ዳር ቦርድ

ከባሕር ዳር፣ ከፖሊ ግቢ አንድ ጥያቄ ደርሶኛል። የጻፈልኝ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን እየሠራ ያለ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ የጣናን የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ሠርቻለሁ። ራስቤሪ ፓይ (ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ሊኑክስ ጭኜ ነው፤ ኃይሉን ከሶላር ያገኛል። ወደ ታች የሚያይ የአልትራሳውንድ ሴንሰር በአይቱሲ መስመር (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት) አገናኝቼለታለሁ። ድራይቨሩን (ሴንሰሩን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ራሴ ጻፍኩት፤ በየ10 ሰከንዱ ይለካል። ማታ ባትሪ እንዲቆጥብ ራሱን ይዘጋል፣ ጠዋት ታይመር ያስነሳዋል። ችግሩ አይዘጋም። ስክሪኑ ይጠቁርና ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲበላ ያድራል። ጠዋት ሄጄ ገመዱን እነቅላለሁ። እንዲህ ስል ሁለት ሜሞሪ ካርድ ተበላሸብኝ። ሞጁሉን (ድራይቨሩ የሚጫንበትን ፋይል) በእጄ በአርኤምሞድ ትእዛዝ ሳነሳው፣ ማለትም ከሊኑክስ ሳወጣው ግን ከ10 አንዴ ቢሆን ነው የሚደርቀው። ካርዱን ፎርማት ላድርገው ወይስ ቦርድ ልቀይር?»

ኮዱንና ማታ የሚሠራውን ስክሪፕትም አያይዞልኛል።

ወንድሜ፣ ካርዱንም ቦርዱንም ተዋቸው። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ካርዶቹን የገደላቸው ገመድ መንቀሉ ነው፤ ገመድ ያስነቀለህ ደግሞ ድራይቨርህ ነው። ፎርማት ብታደርገው ያው ድራይቨር ተመልሶ ይጫናል፣ ማታም ያው ይደገማል።

ደብዳቤህን ሳነብ የያዘኝ አንድ ነገር አለ። በእጅህ ስታነሳው ከ10 አንዴ፣ ሲዘጋ ግን ሁልጊዜ። አንድ ስህተት ብቻ ቢሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡ ነበር። እዚህ ሁለት ስህተት አለ ብዬ ገመትኩ። ኮዱን ስከፍተው ሁለቱም ቁጭ ብለዋል።

ወደነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የሚናገረውን መስማት ልመድ። ስክሪን ጠቆረ ማለት ከርነሉ ዝም አለ ማለት አይደለም። መልእክቱን ወደ ላፕቶፕህ የሚያመጣ፣ ዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ፈልግ፤ የ3.3 ቮልት ይሁን፣ 5 ቮልቱ ቦርዱን ይጎዳዋል። ፒን 6 ግራውንድ ነው፤ ፒን 8 ከቦርዱ የሚወጣው፣ ፒን 10 ወደ ቦርዱ የሚገባው ነው። ፍጥነቱን 115200 አድርግና በላፕቶፕህ ተከታተል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ዩአርቱን (የሲሪያሉን መስመር) ማብራት እንዳትረሳ። (የትእዛዞችንና የፈንክሽኖችን ስም በድምፃቸው ነው የምጽፍልህ፤ አንተ ኮድህ ላይ ታውቃቸዋለህ።)

ከዚያ ከርነሉ ሲነሳ በሚያነበው መስመር ላይ ሁለት ቃል ጨምር፦ ኢግኖር ሎግሌቭል (ሁሉንም መልእክት አሳይ ማለት ነው) እና ኢኒትኮል ዲበግ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ለማስነሻ ብቻ ይመስለዋል። ሲዘጋም ይሠራል። ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ ሲዘጋ ስሙን ይጽፋል፣ የሚሄደውም ከተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ነው፤ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይዘጋል። ሃንግ ሲያደርግ (ሲደርቅ) መጨረሻ ላይ የታየው ስም ተጠርጣሪህ ነው። ያንተው ሴንሰር ይሆናል።

ከዚያ ገመዱን አትንካ። አራት ደቂቃ ጠብቅ። ከርነሉ የተቀረቀረ ሥራ ካለ በ120 ሰከንድ አንዴ ያያል፣ ስለዚህ መልእክቱ ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመጣል። «ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ታያለህ። የታገደው «ሲስተምዲ ሸትዳው» ይባላል፤ መጨረሻው የተቆረጠው ከርነሉ ለአንድ ሥራ ስም 15 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ነው። ቁጥሩ 1 ነው፣ ማለትም የሁሉ አባት የሆነው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም)። ከሥሩ የፈንክሽኖች ዝርዝር ይወርዳል። ዲቫይስ ሸትዳውን የሚለውን ፈልግ፤ ከሱ በላይ ያንተ ፈንክሽን አለ፣ ከዚያም በላይ ሚውቴክስ ሎክ፣ ማለትም ሎክ የሚጠይቀው ፈንክሽን (ሎክ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ ነው)። ሌላም የታገደ ታገኛለህ፣ ኬወርከር የሚባል፣ ከርነሉ የተቀጠሩ ሥራዎችን የሚያሠራበት። እሱ ደግሞ ያንተ የመለኪያ ፈንክሽን ውስጥ ዌይት ፎር ኮምፕሊሽን (አንድ ነገር እስኪያልቅ የሚጠብቅ ፈንክሽን) ላይ ቆሟል። እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። የጥገናው ግማሽ እነሱ ናቸው።

አሁን ከ10 አንዴ ወደሚደርቀው እንምጣ። ሞጁሉ ሲወጣ የሚሠራው ፈንክሽንህ እንዲህ ይላል፦ ሎኩን ያዝ፣ ሴንሰሩን «ተኛ» በል፣ 1 ሰከንድ ጠብቅ፣ ካንስል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ (የተቀጠረውን የመለኪያ ሥራ ሰርዝ)፣ ሎኩን ልቀቅ። መጨረሻ ላይ ያለው «ሲንክ» የሚለው ቃል ነው ጉዱ። ሥራው ተጀምሮ ከሆነ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ ማለት ነው። ሥራው ደግሞ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ሎክ ነው።

ሁለት ጓደኛሞች አስብ። አንዱ መቅዘፊያውን ይዞ ዘጌ ዳር ላይ ቆሟል፤ «ጓደኛዬ ሳይመጣ አልነቃነቅም» ይላል። ጓደኛው ማዶ ታንኳው ላይ ተቀምጧል፤ «መቅዘፊያው ሳይመጣልኝ በምን ልሻገር» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም እዚያው ይመሻሉ።

ለምን ከ10 አንዴ ብቻ? ሥራህ በ10 ሰከንድ አንዴ ይነሳል። አንተ ሎኩን ይዘህ 1 ሰከንድ ትተኛለህ። ሰዓቱ በዚያች 1 ሰከንድ ውስጥ ከደወለ ተቆላለፋችሁ፤ ካልደወለ በሰላም ታልፋለህ። አንድ ለአስር። ከርነል ውስጥ «አንዳንዴ» የሚባል ነገር ሲያጋጥምህ እንዲህ በሰከንድ ቁጠረው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ቁጥሩ መስመሩን ይጠቁምሃል።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሎኩን ያዝ፣ «እየተዘጋን ነው» የሚል ምልክት አስቀምጥ፣ ሎኩን ልቀቅ። ከዚያ እጅህ ባዶ ሆኖ ካንስል አድርግ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሴንሰሩን አስተኛው። የመለኪያው ሥራም ምልክቱን ካየ ሳይለካና ራሱን እንደገና ሳይቀጥር ይመለስ።

ሁለተኛው ስህተት ማታ ማታ የሚያስቸግርህ ነው። ስክሪፕትህን አየሁት። መጀመሪያ የሴንሰሩን ኃይል ይቆርጣል፣ ቀጥሎ የቀኑን መረጃ በሞደም ይልካል፣ ከዚያ ነው የሚዘጋው። መላኩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ብለሃል። በዚያ መሀል ድራይቨርህ ኃይል የሌለውን ሴንሰር እስከ ሦስት ጊዜ ለመለካት ይነሳል። የመጀመሪያው በቂ ነው። ሎኩን ይይዛል፣ በአይቱሲ «ለካ» ብሎ ይልካል። ሴንሰሩ ሞቶ ስለሆነ አይመልስም፣ መላኪያውም የስህተት ቁጥር ይመልሳል። አንተ ግን ቁጥሩን አላየኸውም! ቀጥታ ዌይት ፎር ኮምፕሊሽን ገብተህ የሴንሰሩን ኢንተራፕት («ለክቼ ጨርሻለሁ» የሚለውን ምልክት) ትጠብቃለህ። ያ ኢንተራፕት እስከ ዘላለሙ አይመጣም። ሎኩ እንደተያዘ ነው። ከርነሉ ሊዘጋ ሲመጣ ሎኩን ይጠይቃል፣ እዚያው ይቆማል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚሆነው።

እዚህ ሦስት ነገር አስተካክል። አንደኛ፣ የመላኪያውን ውጤት እይ፤ ከዜሮ በታች ከሆነ አትጠብቅ፣ ሎኩን ለቀህ ውጣ። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ገደብ ይኑረው፤ ዌይት ፎር ኮምፕሊሽን ታይምአውት ተጠቀም። ዜሮ ከመለሰ ጊዜው አልቋል ማለት ነው። ጊዜውን በሚሊሰከንድ ቀጥታ እንዳትሰጠው፣ የሚቀበለው በጂፊ፣ ማለትም በከርነሉ ሰዓት ምት ነው። ሰዓቱ በሰከንድ 250 በሚመታ ከርነል ላይ 500 ብትለው ግማሽ ሰከንድ የመሰለህ 2 ሰከንድ ይሆናል። ኤምሴክስ ቱ ጂፊስ ይቀይርልሃል። ሦስተኛ፣ ትእዛዙን ከመላክህ በፊት ሪኢኒት ኮምፕሊሽን ጥራ፤ የቆየውን «ደርሷል» የሚል ምልክት ያጠፋዋል። አለዚያ ጊዜው ካለፈ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ኢንተራፕት ለሚቀጥለው ልኬት «ደርሷል» ብሎ የድሮ ቁጥር ያቀብልሃል። ከርነሉ አይቆምም፣ ግን የጣና ከፍታ ውሸት ይሆናል። እኔ ከሃንጉ ይልቅ ይህንን ነው የምፈራው።

ስክሪፕቱንም ገልብጠው። መጀመሪያ ሞጁሉን አንሳ፣ መረጃውን ላክ፣ ኃይሉን መጨረሻ ቁረጥ። ግን ስክሪፕቱ ተስተካከለ ብለህ ድራይቨሩን እንዳትተወው። ሐይቅ ዳር ያለ ገመድ ይበሰብሳል፣ ከብት ይረግጠዋል። ሴንሰሩ ስክሪፕት ሳይነካውም ኃይል ያጣል። ድራይቨር የሚጻፈው ለዚያ ቀን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ ስለሚሳሳተው። ሪሙቭ የሚባለው ፈንክሽን የሚጠራው ሞጁሉ ወይም መሣሪያው ሲወጣ ነው። ሲስተሙ ሲዘጋ አይጠራም። ሲዘጋ የሚጠራው ሸትዳውን የሚባለው ብቻ ነው። አንተ ሁለቱንም ወደ አንድ ፈንክሽን መርተሃቸዋል፣ ጥሩ አድርገሃል። እንዳታጠፋው። ሸትዳውን ባይኖርህ ሥራው የአይቱሲ መቆጣጠሪያው ከተዘጋ በኋላም መለካቱን ይቀጥል ነበር።

ስለ ሙከራው። «አስተካክዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሠራ» እንዳትለኝ። ከ10 አንዴ የሚመጣ ስህተት ሳይስተካከልም ሦስት ሙከራ በሰላም የማለፍ ዕድሉ 73 በመቶ ነው። 100 ጊዜ አንሳና ጫን፤ ያኔ በዕድል ብቻ የማለፉ ነገር ከ100,000 ሦስት አይሞላም። በአጭር ስክሪፕት ይሠራል። ግን በመጫንና በማንሳት መሀል ያለው ጊዜ በዘፈቀደ ይቀያየር፣ ከ1 እስከ 20 ሰከንድ በለው። ሁልጊዜ ከጫንክ 3 ሰከንድ በኋላ ካነሳኸው ያቺን ክፉ ሰከንድ በጭራሽ አታገኛትም፤ ሺህ ጊዜ ብትሞክርም። ሌላ ዙር ደግሞ የሴንሰሩን ኃይል ቆርጠህ ሞክር።

ጊዜ ካለህ ከርነሉን ራስህ ኮምፓይል አድርግና ፕሩቭ ሎኪንግ የሚለውን ምርጫ አብራ። ሎክዴፕ ይባላል፤ ኢንጎ ሞልናር የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ደስ የሚለው፣ መቆላለፉ እስኪደርስ አይጠብቅም። መለኪያው አንዴ ከሠራ፣ ሞጁሉም አንዴ ከተነሳ፣ ሎኮቹ የተያዙበትን ቅደም ተከተል አይቶ «ይህ አንድ ቀን ይቆላለፋል» ይልሃል። ቦርዱ ይዘገያል፣ ስለዚህ ለሙከራ ብቻ እንጂ ሐይቅ ዳር ይዘኸው አትሂድ። ሁለተኛውን ስህተት ግን ከሎክዴፕ አትጠብቅ። ያልመጣ ኢንተራፕት የሎክ ቅደም ተከተል ጉዳይ አይደለም፣ በገደብ ብቻ ነው የሚፈታው።

ሴንሰሩን የተከልክበትን ፎቶም አየሁ። ደንገሉ አጠገብ ነው። እምቦጭ ተንሳፍፎ ከሥሩ ሲገባ ሞገዱ ከውሃው ሳይሆን ከቅጠሉ ላይ ይመለሳል፣ ሐይቁም በአንድ ሌሊት ከፍ ያለ ይመስልሃል። ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት አጥረው፣ ወይም ታች በኩል ቀዳዳ ባለው ሰፊ ቱቦ ውስጥ አስገባው።

የሲሪያሉን ጽሑፍ፣ በተለይ እነዚያን ሁለት ዝርዝሮች፣ ላክልኝ። ከዲቫይስ ሸትዳውን በላይ ያለው ስም ያንተ ካልሆነ አብረን እንፈልጋለን።