አንተስ?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ባሕር ዳር ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ከሞት በኋላ ሕይወት እንዳለ ከልብዎ ያምናሉ?» አለችኝ። «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ አለፍኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይቺን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ሸሽቻታለሁ።

በ1977 ዓ.ም አካባቢ ነው። ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ወጣት ነርስ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ፣ ትምህርታችን ማርክስና ሌኒን። ማተቤን በጥሼ ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ለመጣል ደግሞ እጄ አልታዘዝልህ ብሎኛል።

አንድ ቀን ከዘጌ በኩል አንድ ሽማግሌ በታንኳ አመጡልን። ዕድሜ ልካቸውን ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አውራ ጣታቸው ላይ ገመድ የበላው ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሯል። ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውሃ ይዟል፤ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። «ልጄ፣ ደንገሌ ውሃ ጠጣ» አሉኝ። ከደንገል ቄጠማ የተሠራች ታንኳ ውሃ ከጠጣች አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላደረቋት ትከብዳለች። እሳቸውን የሚያደርቅ ፀሐይ እንደሌለ ሁለታችንም አውቀናል።

ሌሊት ጠሩኝ። ከትራሳቸው ሥር የአማርኛ ወንጌል አውጥተው ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ በኩራዝ ጀመርኩ። አልዓዛር ሞቷል፣ እህቱ ማርታ ጌታን ልትቀበል ወጥታለች። «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ፤ የሚያምንብኝ ቢሞት እንኳ ሕያው ይሆናል» ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ጌታ ማርታን «ይህን ታምኚያለሽን?» ይላታል። እዚያ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «አንተስ?» አሉኝ።

ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንድ ካድሬ ተኝቷል። ይስማ አይስማ አላውቅም። «አባባ፣ አይድከሙ፣ ይረፉ» አልኩና መጽሐፉን መለስኩላቸው። ደግመው አልጠየቁኝም። ሊነጋጋ ሲል አረፉ። ልጃቸው በዚያችው ታንኳ ይዟቸው ሲሄድ ዳር ቆሜ አየሁ። እየፈተኑኝ አልነበረም። ብቻቸውን መሄድ ከብዷቸው ነው። ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ጹሙ፣ ጸልዩ አልላችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኛ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን ነው ያደግነው። ያኔ አምናለሁ ያለልን የክርስትና አባት፣ የክርስትና እናት ነው። በፋሲካ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዓቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለን በጋራ እንመልሳለን። ደስ ይላል፣ ትልቅ ስጦታም ነው። ማርታ ግን ብቻዋን ነው የተጠየቀችው። ታምናላችሁ አላላትም።

የዛሬ ልጆች ስለ ሃይማኖት ከኛ በላይ ታወራላችሁ። ቲክቶክ ላይ ስትከራከሩ፣ ስትረታቱ አያለሁ። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እጃችሁን ሲይዝ ግን ያ ሁሉ ጥቅስ የት እንደሚገባ እንጃ። ጥርጣሬ ካላችሁ አትቸኩሉ፣ አንብቡ፣ አባቶችን ጠይቁ። ይህን ስል ደግሞ እፈራለሁ፤ እኔ «ቆይ» እያልኩ 15 ዓመት ነጉዶብኛል።

እናቴ ልጅ ሳለሁ በየካቲት 16 ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትወስደኝ ነበር። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ አገሩ የቡና ጫካ ነው። በዚያ ጫካ መንገድ ነጠላዋን ይዤ እከተላታለሁ፤ ሥዕሎቹ ፊት ስትደርስ ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ ጠይቄያት አላውቅም። ከ15 ዓመት በኋላ ማተቤን መልሼ ያሰርኩት እዚያው ሄጄ ነው።

ለቅሶ ቤት ላገኘሽኝ ልጅ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ካድሬ አልነበረም፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ አፍሬ ነው። አዎ፣ ልጄ፣ አምናለሁ። ሙታን እንደሚነሡ፣ እኚያን ሽማግሌም እንደማገኛቸው አምናለሁ።